«ለአንተ ዓይነቱ መድኃኒት የለንም!»

ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቀናተኛ እጮኛ፣ «ፀጉሬ ይነቃቀላል ምን ልቀባ?» እያላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁሉ እንዳትቀየሙኝ፤ ተራችሁ ይደርሳል። ለዛሬ አንድ ደብዳቤ ብቻ ይዤ ነው የቀረብኩት። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ደብዳቤዋን ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ታክሲ ውስጥ አወጣዋለሁ፣ አነብበዋለሁ፣ መልሼ አጥፌ እከተዋለሁ። ለምን እንደከበደኝ ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ እሷ ትናገር። ስሟንና ሰፈሯን፣ ማንነቷን የሚያሳውቀውንም ነገር ሁሉ አውጥቼዋለሁ።

«…ታላቅ ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት መኪናው ተገልብጦ ጭኑ ተሰበረና ብረት ገባለት። ከሆስፒታል ሲወጣ ለሕመሙ ትራማዶል የሚባል ኪኒን አዘዙለት። አጥንቱ ገጠመ፤ ኪኒኑ ግን አልቀረም። መጀመሪያ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነበር። አሁን በቀን ስንት እንደሚውጥ እሱም በትክክል የሚያውቅ አይመስለኝም። ሥራ ካቆመ ቆየ። ኪኒኑን ሲያጣ ያልበዋል፣ ያዛጋዋል፣ አፍንጫው እንደ ጉንፋን ይፈስሳል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ እግሩን ሲያወራጭ ያድራል። እናቴ ‹ዓይነ ጥላ ነው› ትላለች። ባለፈው ዓመት ጠበል ወስዳው ሁለት ወር ሳይነካው ቆይቶ ነበር። በተመለሰ በሳምንቱ ጀመረ።

«የሰፈራችን ፋርማሲዎች ሁሉ አውቀውታል። ገና በር ላይ ሲያዩት ‹የለም! የለም!› ይሉታል። በቀደም ጥርሱን አሞት ፓራሲታሞል ሊገዛ ገባ። ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ለአንተ ዓይነቱ መድኃኒት የለንም!› ብለው መለሱት። ልብ በይልኝ፣ ፓራሲታሞል ነው! ቤት መጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወንድሜ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እግሩ ተሰብሮ እንኳ አላለቀሰም። አሁን ‹አንቺን አያውቁሽም፣ አንቺ ግዢልኝ› ይለኛል። ሁለት ጊዜ ገዛሁለት። ከዚያው እሱን ካባረሩት ፋርማሲ! ማዘዣ እንኳ አልጠየቁኝም። እህቴ፣ ምን ይሻለኛል? ባልገዛለት ዓይኔ እያየ ይሠቃያል። ብገዛለት የምገድለው እኔ ልሆን ነው…»

«እህቴ» ያለችኝ ይህቺ ልጅ ማንን እንደጠየቀች ብታውቅ ኖሮ ደብዳቤውን ሳትልከው ትቀደው ነበር።

እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ቤት ቁጭ ከምል ብዬ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ካሸር ሆኜ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። በሩ አጠገብ ባለች የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጬ ሂሳብ መቀበልና ደረሰኝ መቁረጥ ነበር ሥራዬ። ይህ የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የተጻፈው ነው። ያልተጻፈ ሥራም ነበረኝ። የሚገባውን ሰው ከሁሉም በፊት የማየው እኔ ስለሆንኩ፣ ከ«እነሱ» አንዱ ሲመጣ በቀለበቴ መስታወቱን ሁለት ጊዜ መምታት። ቋ! ቋ! ፋርማሲስቷ ቀና ሳትል «የለም!» ትላለች። ሰውየው ገና አፉን አልከፈተም እኮ!

ስምም አውጥተንላቸው ነበር። «ዘመዶችሽ መጡ» እንባባል ነበር። እንስቅ ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ።

በምን ነበር የምንለያቸው? አሁን ስትጠይቁኝ አፍራለሁ። የጠወለገ ፊት፣ ዓይኑን የሚሰብር፣ የሚያልበው፣ የሚቸኩል፣ ጥግ ቆሞ ሰው እስኪወጣ የሚጠብቅ… እስቲ አስቡት፣ ስንቱ የታመመ ሰው ነው እንዲህ ሆኖ የሚገባው! መቼም ፋርማሲ የሚመጣው ሰርግ የሚሄድ ሰው አይደለም። የአባላዘር መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ጎረምሳም ጥግ ይዞ ይጠብቃል። አንዴ ግን ከእኛ መዝገብ የገባ ሰው አይወጣም። መዝገቡ ደግሞ በወረቀት አልነበረም፣ በዓይናችን ነበር። ለዚህ ነው ያቺን ልጅ ያለ ማዘዣ የሸጡላት። እሷ ፊቷ ደህና ነው። ሕጉ ማዘዣ እዩ ይላል፤ እኛ ፊት እናይ ነበር።

ከ«ዘመዶቼ» መካከል አንድ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ኮት የማይለያቸው፣ ሲገቡ «እንደምን ዋላችሁ ልጆች» የሚሉ። መምህር ነበሩ ይባላል። ኩላሊታቸውን በጠጠር ይሠቃዩ ነበርና ከዓመታት በፊት ሆስፒታል ሲመላለሱ ነው አሉ ከማስታገሻው ጋር የተላመዱት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀት ይዘው ገቡ። እኔ ወረቀቱን አላየሁም፣ ያየሁት ሰውየውን ነው። ቋ! ቋ!

«የለም!» አለች ፋርማሲስቷ።

«ልጄ፣ ወረቀቱን እዪው እንጂ» አሉ።

«የለም አልኩህ! አትሰማም?»

አንተ ብላ! በአባቷ ዕድሜ ያሉትን ሰው! ወረፋ ከያዙት አንዱ «ጀዝባ!» ብሎ ሳቀ። ሌላውም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሰውየው ወረቀቱን በአራት አጥፈው የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና፣ እንደ ወትሮው በመስታወቱ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው «ደህና ዋይ» ብለውኝ ወጡ።

ወረቀቱ የልጃቸው ነበር። አሞክሲሲሊን፣ የሕፃናት ሽሮፕ። ያወቅነው በማግሥቱ ጎረቤታቸው መጥታ በሩ ላይ ቆማ ስትሰድበን ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ደጃችን ዝር አላሉም። ሽሮፑን ከየት እንዳገኙት፣ ልጅቷም እንዴት እንደሆነች አላውቅም።

ይህ የቀኑ ነው። የማታውስ? ፋርማሲስቷ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ ባለቤቱ ይመጣል። ቀን «የለም» የነበረው ማታ «አለ» ይሆናል። በሦስት እጥፍ ዋጋ፣ ያለ ማዘዣ፣ ያለ ደረሰኝ። ገንዘቡን የምቀበለው እኔ ነበርኩ፤ ለብቻው የሆነች መሳቢያ ነበረችው። ቀን የተሰደበው ሰው ማታ «ደንበኛችን» ይባላል። የተዋረደ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ስድቡም የንግዱ አካል ነበር ብል አላጋነንኩም። እንግዲህ ደብዳቤው ለምን እንደከበደኝ ገብቷችኋል።

ፋርማሲስቷና እኔ እስከ ዛሬ ወዳጆች ነን። እሷም ከዚያ ቤት ወጥታ ሌላ ቦታ ትሠራለች። በአራተኛው ቀን ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩና ቡና ጠጥተን አነበብኩላት። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ተቆጣች።

«አንቺ ሣጥንሽ ውስጥ ነበርሽ!» አለችኝ። «ባንኮኒው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻዬን ቆሜ አንዱ ቢላዋ አውጥቶብኛል፤ ያንን ቀን አልነበርሽም። በቀለም ፎቶ ኮፒ የተደረገ ማዘዣ ያመጡልኛል። ማኅተሙ እውነተኛ፣ ፊርማው የውሸት። አንዱን አምኜ ሰጥቼ ሐኪሙ ጋ ስደውል ‹እኔ አልጻፍኩም› አለኝ። ለፔቲዲንና ለሞርፊን ልዩ ማዘዣ ወረቀት አለው፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ከወረቀቱ ጋር ፍሬ በፍሬ ያመሳክራል። አንድ ብትጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ። አምስት ዓመት የተማርኩበት ፈቃዴ ነው የሚሄደው! አንቺማ ምን አለብሽ፣ ካሸር የትም ይቀጠራል።»

እውነቷን ነው። ይህንን የማልጽፍ ከሆነ አዳላሁ ማለት ነው። የፋርማሲ ባለሙያ በሁለት እሳት መካከል ነው የቆመው። ከሰጠ «አከፋፋይ» ይባላል፣ ከከለከለ «ጨካኝ» ይባላል። ፈርቶ መድኃኒቱን ጨርሶ የማያስመጣም አለ። የዚያ ዋጋ ደግሞ የሚከፈለው በሌላ ሰው ነው። ካንሰር ያለባቸው እናቷ ሌሊት እየጮኹባት፣ የሞርፊን ማዘዣ ይዛ ከተማ ለከተማ የምትዞር ልጅ በእኛም በር አልፋለች። እኛ እሷንም ነበር በጥርጣሬ ያየናት። ሞርፊን ሲባል የሚታየን ሱሰኛ እንጂ የሚያቃስት ሰው አልነበረም።

ሁለተኛውን ስኒ ስትቀዳ ድምፅዋ ለሰስ አለ። «ትምህርት ቤት መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ የት እንደሚያርፍ ተምረናል፤ ዛሬም ሥዬ ላሳይሽ እችላለሁ። ሰውየው ፊትሽ ሲቆም ምን እንደምትይው ግን ማንም አላስተማረንም። ከተማርነው ትምህርት ሳይሆን ከሰፈር በሰማነው ነው የምንሠራው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አጎቴ ጠጪ ነው። ሰክሮ ሲመጣ ወንበር እንስብለታለን፣ ‹ጋሼ› እንለዋለን። እሱም ሱሰኛ ነው እኮ» አለች።

ስለ መምህሩ አላነሳሁባትም ነበር። ራሷ አነሳችው።

«ያ ሰውዬ… የልጁ ሽሮፕ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ፣ በማግሥቱ ነው ያወቅነው።»

«አንቺ በማግሥቱ ነው ያወቅሽው» አለችኝ። «እኔ ያኔውኑ አንብቤዋለሁ። ወረቀቱ በግልባጩ ነበር ወደኔ የዞረው። ዕድሜ 6 ይላል። ግን አንዴ ‹የለም› ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ እየሳቀ ነበር። እንዴት ብዬ ልመለስ?»

ቡናው በረደ። ሁለታችንም ምንም አላልንም።

* * *

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ትራማዶል፣ ፔቲዲን፣ ኮዲን፣ ሞርፊን፣ ሄሮይን… እነዚህ ሁሉ በሕክምና ቋንቋ ኦፒዮይድ የሚባሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ገሚሱ ኦፒየም ከሚባለው የአበባ ተክል ወተት ይወጣል፣ ገሚሱ በፋብሪካ ይሠራል። የቤተሰቡን ታሪክ ያየ ሰው በሹፌሩ ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም። ሞርፊን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ሲገኝ በግሪኮች የሕልም አምላክ ስም ተጠራ። ሱስ ማስያዙ ኋላ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1898 ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሄሮይንን ለሳል መድኃኒት ብሎ ገበያ ላይ አወጣ። አዎ፣ ሄሮይን፣ ለሳል! እ.ኤ.አ. በ1977 እዚያው ጀርመን ትራማዶል ለገበያ ሲቀርብ «ይሄኛው እንኳ እምብዛም ሱስ አያስይዝም» ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታመነበት። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለውን ኪኒን ይዘው መጡ። ያመረተው ፐርዱ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2020 በፌዴራል ፍርድ ቤት ወንጀሉን አመነ። በ2021 በዚያች አገር ከመጠን ባለፈ መድኃኒትና አደንዛዥ ዕፅ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኛው በእነዚሁ በኦፒዮይዶች ነው። ፕሮፌሰሩም፣ ኩባንያውም፣ ሐኪሙም በየተራ ተታለዋል። ጭኑ ተሰብሮ «ዋጠው» የተባለውን የዋጠ ሰው ከእነሱ በልጦ እንዲያውቅ እንዴት እንጠብቃለን?

አንድ የማውቀውን የአእምሮ ሐኪም ስለ ሐራራው ጠይቄው ነበር። «እናትሽ ቡና ሳትጠጣ ስትውል ምን ትሆናለች?» አለኝ። ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስራለች አልኩት። «ያንን በመቶ አባዢው» አለኝ። አንጎላችን ሕመም የሚያስታግስ የራሱ ቅመም አለው። ኪኒኑ ከውጭ በብዛት ሲገባለት የራሱን መሥራት ይቀንሳል። መጀመሪያ አንድ ፍሬ የሠራውን ለመሥራት ሁለት፣ ከዚያ አራት ያስፈልጋል። ድንገት ሲቋረጥ ባዶ ቤት ይሆናል። ላቡ፣ ማዛጋቱ፣ የአፍንጫው መፍሰስ፣ ተቅማጡ፣ የቆዳው መቆም፣ የእግሩ መወራጨት ሁሉ ከዚያ ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ከሳምንት በኋላ እየረገበ ይሄዳል። እንቅልፍ ማጣቱና አምሮቱ ግን ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ትራማዶል ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ ስሜትን በሚቆጣጠሩት የአንጎል ቅመሞችም ውስጥ ስለሚገባ ሲቋረጥ ጭንቀትና ፍርሃት ይለቃል። ከልክ ሲያልፍ ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጣል። ለአዋቂ ሰው በሐኪም ትእዛዝም ቢሆን በቀን ከ400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ይህ የተለመደው ባለ 50 ፍሬ ከሆነ ስምንት ማለት ነው።

ሐኪሙ ሌላም ነገረኝ። ሰውነቱ መድኃኒቱን የለመደ ሁሉ ሱሰኛ አይባልም። ያቺ የካንሰር ታማሚ እናትም ሞርፊኑ ድንገት ቢቋረጥባት ያልባታል፣ ያማታል። ሱስ የሚባለው ጉዳቱን እያየ፣ ሥራው እየሄደበት፣ ቤቱ እየፈረሰበት ማቆም ሲያቅተው ነው። እሱም ቢሆን ሕክምና ያለው በሽታ ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ ካላችሁ፣ ሩቅ መሄድ አያሻም። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2011 ዳሬሰላም ውስጥ በሙሂምቢሊ ሆስፒታል፣ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ2014 መጨረሻ ናይሮቢ ውስጥ በማታሪ ሆስፒታል፣ ለሄሮይን ተጠቂዎች ሜታዶን የሚባል መድኃኒት መስጠት ጀመሩ። ሜታዶን ራሱ ኦፒዮይድ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ ሐራራውን ቀኑን ሙሉ የሚይዝ፣ ሰውየው ሥራ ውሎ እንዲገባ የሚያደርግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እሱንና ቡፕረኖርፊን የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2005 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። አሰጣጡን ስሰማ በጣም የገረመኝ ነገር አለ። ታካሚው በየቀኑ ወደ አንዲት መስኮት ይመጣል፣ ባለሙያው በስኒ ለክቶ ይሰጠዋል፣ እዚያው እያየው ይጠጣል፣ ሁለት ቃል ይነጋገራሉ፣ ይሄዳል። ነገም ይመጣል። እኛ ሰውየውን ለማባረር የተጠቀምንባት መስኮት እዚያ ለማከም ሆነች ማለት ነው። በየቀኑ ያንኑ ፊት የሚያይ ባለሙያ «እነሱ» ማለት እየከበደው ይሄዳል መሰለኝ።

አሜሪካም ቢሆን ችግሩ የለም አትበሉ። ሐኪም ያዘዘለትን ቡፕረኖርፊን ይዞ ሄዶ ከፋርማሲ በር የሚመለስ አለ። የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ባወጣው መመሪያ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሱስ መድኃኒት የሚወስድን ሰው በዚያ ምክንያት ማግለል የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስጠብቀውን ሕግ መጣስ ነው ብሏል። በ2023 ደግሞ ናሎክሶን የሚባለው፣ በመድኃኒቱ ብዛት ትንፋሹ የተቋረጠን ሰው የሚመልሰው የአፍንጫ መድኃኒት፣ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቀደ። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ንገሯቸው፤ የእኛ ሰው ልጁ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ገብቶበት እንኳ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ከሐበሻ ፋርማሲስት ይሸሻል ሲሉ ሰምቻለሁ።

* * *

እንግዲህ ወዳንቺ ልምጣ፣ እህቴ።

አትግዢለት። ግን ከዛሬ ጀምሮ ቁርጥ አድርጎ ይተው ማለቴም አይደለም። ይህንን ሁለቱን አንድ አድርገሽ እንዳታይብኝ። ባንድ ቀን ማቋረጥ ለእሱ ሥቃይ ነው፤ ቶሎም ይመልሰዋል። የሚቀነሰው በሐኪም እጅ፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እየተባለ ነው። ስለዚህ አብረሽው ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሌላ ትልቅ ሆስፒታልም ካርድ ማውጣት ይቻላል። ከመሄዳችሁ በፊት ለሦስት ቀን የሚውጠውን ፍሬ ይቁጠር፣ አንቺም ጻፊው። እዚያ ሲደርስ ቁጥሩን አይቀንስ፤ አፍሮ ግማሹን ቢናገር ሐኪሙ በተሳሳተ ሂሳብ ይጀምራል። ሌላ የሚወስደው ነገር ካለም፣ በተለይ ለጭንቀት ወይም ለእንቅልፍ የሚሰጥ ኪኒን፣ አይደብቅ።

ሕክምናውን ሲጀምር ኪኒኑን አንቺ ያዢለት፤ የቀኑን የቀኑን ብቻ ስጪው። ያኔ የምትገዢውም በማዘዣ ይሆናል፤ በስርቆሽ ከመግዛት ይለያል። ሰፈር ውስጥ ካሉት ፋርማሲዎች ደግሞ አንዱን ምረጪና ሰው በሌለበት ሰዓት፣ እሱን ሳትይዢ፣ ምንም ሳትገዢ ሂጂ። ባለሙያውን በስሙ ጠይቂው። ወንድሜ እየታከመ ነው፣ ሐኪሙ እገሌ ነው፣ ስልኩ ይኸው፣ ማዘዣውን ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማመጣው፣ ከዚህ ውጪ ቢመጣ አትስጡት፣ ግን ጥርሱን ሲያመው አታባርሩብኝ በይ። አንደኛው እምቢ ካለ ሁለተኛው ጋ ሂጂ። ወዳጄ እንደነገረችኝ፣ ባለሙያው የሚፈራው የማያውቀውን ነው። «የለም» ከማለት «ይህንን ያለ ማዘዣ አልሰጥም፣ ሌላውን ግን ልርዳህ» ማለት ለእሱም ይቀልለዋል። የመጀመሪያው ውሸት ነው፤ መደርደሪያው ላይ እያለ ነው የሚባለው። ሁለተኛው ሥራው ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የምፈራውን ልንገርሽ። ወንድምሽ ጠበል ቆይቶ በተመለሰ በሳምንቱ ጀመረ ብለሽኛል። ሐኪሙ ይህንን መስመር ሲያነብ ነው ፊቱ የተለወጠው። ሰውነት ለጥቂት ሳምንታት እንኳ ከመድኃኒቱ ከራቀ መልመዱን ይረሳል። ድሮ የሚችለውን ያህል ባንዴ ሲውጠው ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። በአረቄ ወይም በእንቅልፍ ኪኒን ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ «ዳነ» ብላችሁ የምትደሰቱበት ወር ዓይናችሁን የማትነቅሉበት ወር ነው። እናትሽን ጠበሉን ተይ አልላትም፤ ጠበሉና ሐኪሙ አብረው ይሂዱ በያት። ማዛጋቱና ላቡ ግን ዓይነ ጥላ አይደለም።

ቀስቅሰሽው አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም እንደ ማንኮራፋት ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ካነሰ፣ ቡና ስጡት፣ ውሃ ድፉበት የሚለውን አትስሚ። በጎኑ አስተኝው፣ ትንፋሹን እያየሽ ባገኘሽው መኪና ሆስፒታል አድርሺው። እዚያም «ምን እንደሆነ አላውቅም» አትበይ። «ትራማዶል ነው፣ ይህን ያህል» በይ። እንዳያፍር ብለሽ የምትደብቂው ነገር ጊዜውን ይበላበታል።

ሁለት ጊዜ ስለገዛሽለት ራስሽን «ገዳይ» አትበይ። ሁለት ዓመት ሙሉ የማታ ገንዘብ የተቀበልኩት እኔ ነኝ የምነግርሽ።

ከወዳጄ ጋር ስንለያይ፣ ታክሲ እስክይዝ ሸኘችኝ። ልጅቷ የት ሰፈር እንደምትኖር ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም፣ ቃሌ ነው። «እንግዲያው አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ተይላት» አለችኝ፤ ትቼልሻለሁ፣ በታሸገ ፖስታ ነው፣ ስትመጪ «የሹፌሩ እህት ነኝ» በይ ይሰጡሻል። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሰው አይበዛም ብላለች። ወንድምሽንም ይዘሽው እንድትመጪ ነው የምትፈልገው። ታክሲው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ ብላ «ጥርሱን አሁንም ያመዋል እንዴ?» አለችኝ።

ይህንን አላውቅም አልኳት። ስትመጪ ንገሪያት።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!